እማማ ውዴ መድረክ የወጡ ዕለት

ይድረስ ለቀድሞ ወዳጄ፣
ጅማ

የዚያ አገር ዝናብ እንዴት ይዞሃል? ማባሪያ የለውም ሲሉ ስለምሰማ፣ መንገድ ሥራ ላይ ውለህ ደረትህን እንዳያምህ እሰጋለሁ። ጤናህን፣ ሥራህን፣ እንቅልፍህን ሳይቀር እጠይቃለሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ደብረ ታቦርም ብርዷ እንዳለ ነው።

ብደውልልህ እንደማታነሳ አውቃለሁ፤ አልቀየምህም። የምነግርህም በስልክ የሚሆን አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩልህ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው ቅዳሜ በነርስነት ተመረቅሁ። በዋዜማው ዩኒቨርሲቲው በበጎ ፈቃድ ሕዝብ ያገለገሉ አሥራ ሁለት ተመራቂዎችን ጠርቶ አመስግኖ ነበር። አንዷ እኔ ነኝ። የተመሰገንኩት እግር በማጠብ ነው።

ሽማግሌ ላክ ባልኩህ ሳምንት ጅማ ሄድክ። በዚያው ክረምት ከአራት ጓደኞቼ ጋር ከሐሙሲት ወደ ወንዛዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ጤና ኬላ ተመደብን። የኬላው ሠራተኛ ብርቱካን የምትባል ቀልጣፋ ሴት ናት። ክትባት ላይ የምታሰማራን መስሎን ነበር፤ እሷ ግን እግራቸው ያበጠባቸውን ሰዎች ስም ጽፋ ሰጠችን። አገሬው ዝሆኔ የሚለው በሽታ ነው። ዕድሜ ልክ ቀይ አፈር በባዶ እግር ከመርገጥ እንደሚመጣና ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ብናስረዳ ብናስረዳ የሚሰማን ጥቂት ነው። ሰው የዘር እርግማን ነው ይላል። ከዚያ ቤት ልጅ አይወሰድም፣ ለዚያ ቤትም አይሰጥም። በሽተኞቹም ቤታቸውን ዘግተው ይኖራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ሳይነሳ ሄደው ቅጥሩን ተሳልመው ይመለሳሉ።

ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የተጻፈው የእማማ ውዴ ስም ነበር።

ይህን ስም ስታነብ ልብህ ምን እንደሚሆን ይገባኛል። እኔ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ሁለት ቅዳሜ ሄጄ በር አልከፈቱልኝም። ብርቱካን ተያቸው፣ አይከፍቱም አለችኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሳፋና ሳሙና ይዤ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን አውልቄ የራሴን እግር ማጠብ ጀመርኩ። በበሩ ቀዳዳ ሲያዩኝ ቆይተው ኖሮ፣ ጤነኛ እግር እንዲህ የሚያስፈትግ ምን አገኘው ብለው ከፈቱልኝ። ሳልስቅ አልቀረሁም። እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ምረቃዬ ድረስ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት በረኪና ጠብ አድርጌ እዘፈዝፍላቸዋለሁ፣ በጣቶቹ መካከል አንድ ባንድ አደርቃለሁ፣ ቫዝሊን እቀባለሁ። ወር ሳይሞላ ሽታው ጠፋ። ልጅ አለዎት ወይ ብዬ ስጠይቃቸው የለኝም ይሉኝ ነበር። በአምስተኛው ወር ቁስሉ ሁሉ ሲደርቅ ደስታቸው ቢበዛ ከሣጥናቸው አንድ ፎቶ አውጥተው አሳዩኝ። የእህቴ ልጅ ነው፣ መሐንዲስ ነው አሉኝ።

ያንተ የምረቃ ፎቶ ነው፤ ያንን ክራባት ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። እያሰርኩልህ ዛሬ ማን ይመጣልሃል ብልህ፣ እናቴ በልጅነቴ ሞታለች አልከኝ። አልቅሼልህም ነበር።

ያን ዕለት ፎቶውን መልሼላቸው ወጣሁ። በሳምንቱ ግን መደበቅ አቃተኝና እንደማውቅህ ነገርኳቸው። እግራቸውን ከሳፋው አውጥተው ራሳቸው አደረቁ። ከዚያ ያሉኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ።

«እሱን አትጥዪብኝ፣ ልጀ። ሞታለች በል ያልኩት እኔው ነኝ። በኔ እግር ተይዞ ሳይወልድ ሳይከብድ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።»

ላልነግርህ አስማሉኝ። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ዝም ያልኩህ በዚህ ነው። ተናድጄብህም ነበር፤ አልዋሽህም። ግን የሚያፈቅሩትን ሰው የእናቱን እግር በእጅ ይዞ መናደድ ብዙ አይቆይም።

ለምስጋናው ቀን ቤተሰብ ጥሩ ሲሉን አባቴን ከጋይንት አስመጣሁ፤ እማማ ውዴንም ለመንኳቸው። በዚህ እግር ሰው ፊት አልቀርብም አሉ። የደብረ ታቦሩን ጫማ ሰፊ ነስሩን ይዤላቸው ሄድኩ። ነስሩ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እግራቸውን በክር ሲለካ ፊቱን እንኳ አላዞረም፤ ከዚህ የሚተልቅ ሰፍቻለሁ እያለ አጽናናቸው። ይዋሻል መሰለኝ። በሁለት ሳምንት ሰፊ ጥቁር የቆዳ ጫማ አደረሰልን። እማማ ውዴ ተጫሙትና ከምድጃው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ምድጃው ሲመላለሱ ዋሉ። ማታውን እሄዳለሁ አሉኝ።

የዩኒቨርሲቲው በር ስንደርስ ቆም አሉ። እጃቸውን ወደ አጥሩ ዘርግተው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ «እዚያ ጋ ቆሜ ነበር» አሉኝ።

ላንተ ምረቃ ነው። እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ማንም ሳያውቅ፣ አንተም ሳታውቅ መጥተው ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ቢያዩ ሁሉም ጥቁር ለብሷል፣ ሁሉም ቆብ አድርጓል። የትኛው እንደሆንክ መለየት ቢያቅታቸው ለሁሉም እልል ብለው ተመለሱ።

አዳራሽ ገባን። ስሜ ሲጠራ መድረክ መሪው ከቤተሰብሽ ጋር ውጪ አለኝ። አባቴ የእማማ ውዴን ክንድ ይዘው ደረጃውን አወጧቸው። ሰውየው ማይኩን ወደ እሳቸው አስጠግቶ እናቷ ነዎት ወይ አላቸው። አይደለሁም ቢሉ ይበቃ ነበር።

«ይቺ እግሬን ያጠበችኝ ናት። የኔ ልጅ እዚሁ የተማረ መሐንዲስ ነው፤ ጅማ ነው ያለው» አሉ። ከዚያ ስምህን ከነአባትህ ስም ጠሩት።

መምህሮችህ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። አንዱ ቀና ብሎ ሲያየኝ አየሁት። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እሳቸው ለኔ መስሏቸው እኔን ያዩኛል።

ከሌላ እንዳትሰማው የፈለግሁት ይህንን ነው። ክንዳቸውን ጎተት ባደርግ ዝም ይሉ ነበር። አላደረግሁትም። ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ፤ ያ ሰዓት ቢደገም ግን አሁንም ክንዳቸውን የምጎትት አይመስለኝም።

ስንመለስ አባቴ ገለል አድርገው ወሰዱኝና፣ ልጁ ሽማግሌ ሳይልክ የቀረው ለዚህ ነው ወይ አሉኝ። ለዚህ ነው አልኳቸው። በኋላ፣ አፈሩን እኛም ስንረግጠው ነው የኖርን አሉ። በማግስቱ ወደ ጋይንት ሲሳፈሩ፣ ያ ልጅ ያለበት ጅማ ከዚህ ስንት ቀን ያስኬዳል ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ከመስከረም ጀምሮ ሐሙሲት ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ብርቱካን ከእማማ ውዴ ቤት አጠገብ አንድ ክፍል አግኝታልኛለች፤ ለሥራው ይርቃል፣ ግን ወስጄዋለሁ።

ጻፊለት ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ መሐላውንም ፈትተውልኛል። ምን ልበለው ብላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ዳነች ብለሽ አትዋሺው። ትታጠባለች በዪው። ደግሞ እንደ ድሮው ሲመሽ ተደብቆ አይምጣ። በቀን ይምጣ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየው።»

የሐሙሲት ገበያ ቀን መቼ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

የምትሠራው መንገድ ለሰው የሚቀና፣ ላንተም የሚመልስ ይሁን። ያገርህ ታቦት ከዝናቡም ከብቸኝነቱም ይጠብቅህ።

የእናትህ ጎረቤት