ወደ አንጋጫ ይምጡ

ታዱዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት ነው። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። እናትሽን ጠይቀሽ ልትመለሺ አንጋጫ ሄደሽ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ትኩሳት እዚያው አስቀረሽ። እዚህ ሆሳዕና መናኸሪያ ሸኝቼሽ፣ የአውቶቡሱ መስኮት አልከፈት ብሎሽ፣ በመስታወቱ ውስጥ እጅሽን ስታወዛውዢ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁሽ። ምን እንዳልሽኝ አልሰማሁም፤ ዝም ብዬ እሺ አልኩ።

በቀብርሽ ቀን መሰላል ላይ ነበርኩ። መርዶሽ ሲደርሰኝ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። የአብዮት በዓል ደርሷል። ሊቀ መንበሩ አዘነልኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከልቡ አዘነ። “ጓድ ኤርሚያስ፣ አንተ ከሄድክ መፈክሩን ማን ይጽፍልናል?” አለኝና መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው መደበልኝ። ማታውን ያለ ወረቀት ተነሥቼ ብሄድ ከኬላው መለሱኝ። በማግስቱ ቀይ ጨርቅ ላይ ነጭ ፊደል ስጽፍ እንባዬ ቀለሙን አቅጥኖት፣ ያው ደርቦ መቀባት ነው፣ ደረብኩበት።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ ተዪው። አንዴ በዓል ነው፣ አንዴ የእርሻ ዘመቻ ነው፣ አንዴ ከላይ እንግዳ ይመጣል። በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ፊደል የሚያሳምር ሰው የላቸውም። ሰልችቻቸው ይልቀቁኝ ብዬ ሆን ብዬ ፊደሉን አጣምሜ ጻፍኩ። አዲስ አጻጻፍ ነው ብለው አጨበጨቡልኝ። ሳቂ፣ አንቺ ብትኖሪ ወለሉ ላይ ተንከባለሽ ነበር የምትስቂው።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ከጓሮ የተከልሻቸው እንሰቶች ጣሪያውን አልፈውታል። አንቺ እያለሽ ያሸጉት ጸሎት ቤታችን ግን አሁን የታሸገ አይደለም፤ ተከፍቶ የቀበሌው መጋዘን ሆኗል። እኔም የምሠራው እዚያው ነው። ስንጋባ አንቺ የቆምሽባት ቦታ ላይ የቀለም ጣሳ ተደርድሯል። ጠዋት ስገባ ዘበኛው ቀለም እንዳይሰረቅ ብሎ ከውጭ ይቆልፍብኛል፤ ምሳዬን በመስኮት ያቀብለኛል። አንዳንዴ ስሠራ መዝሙር አፌ ላይ ይመጣና ጥርሴን ነክሼ እመልሰዋለሁ።

በመናኸሪያው ሻይ ቤት የነበረውን ሥዕል ታስታውሺዋለሽ? በንጉሡ ጊዜ የተሰቀለ፣ መንገደኛ ወደ ፈረንጅ አገር ከተማ የሚጋብዝ ፖስተር ነበር። ሐይቅ፣ ነጭ ጀልባ፣ ሰፊ ሰማይ፣ ከታች በትልልቁ የከተማዋ ስም። ዝንብ ጠቃጥቆታል። አንቺ ሻይሽ እስኪቀዘቅዝ አይተሽው፣ “ይቺ ከተማ ከአንጋጫ በምን ትበልጣለች? ጀልባ ስላላት ነው?” አልሽ። የኛንም ከተሞች እንደዚያ በድሮው ዓይነት ልንሥል የተነሣነው ያን ቀን ነው። ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፦ ያልረገጥናት ከተማ አትሣልም፣ ነገር አይበዛም፣ የሰው ፊት አይታይም።

ዳምቦያን እንዴት እንደሣልናት አልረሳውም። በገበያ ቀን ዝናብ ደርሶብን ቅቤ ሻጯ አንድ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ ሰጠችን፤ ሁለታችን ከሥሩ ተሸጉጠን ስንሄድ ጫማሽ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ሥዕሉ ላይ ያን ትልቅ ቅጠል ብቻ አደረግን፤ ከበታቹ አራት እግር፣ አንዱ ባዶውን። ወረቀቱ በዓል ካለፈ በኋላ የሚጣለው የመፈክር ወረቀት ነበርና፣ ብርሃን ላይ ሲያዙት የጀርባው መፈክር በዳምቦያ ሰማይ ላይ ተገልብጦ ይታያል።

ሆሳዕናን ግን እስከ ዛሬ መሣል አቃተኝ። እኔ ልወጣ ወዳልቻልኩባት ከተማ ሌላውን ሰው ና ብዬ መጋበዝ አልሆንልኝ አለ።

አንጋጫን ለመጨረሻ ያቆየናት እያየሽ እንድታርሚኝ ነበር። ዘንድሮ፣ እንደ ዳምቦያ በመፈክር ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ብቻዬን ጀመርኳት። የሚሰጡኝ ቀለም ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነው፤ ሰማያዊም አረንጓዴም የለም። ቢጫው ላይ ትንሽ ጥቁር ጠብ ሲደረግበት አረንጓዴ ይመስላልና እንሰቱን በዚያ ተወጣሁት። ተራራውን በጥቁር፣ ሰማዩን ያለምርጫዬ በቀይ ሠራሁ። የእናትሽን ቤት፣ ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ፣ ከታች “ወደ አንጋጫ ይምጡ” የሚለውን አስገባሁ። ከቤቱ በታች ያለውን ዳገት ግን ባዶ ተውኩት። እዚያ አካባቢ እንደተቀበርሽ ሰምቻለሁ፤ የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም። ገምቼ ልሥልሽ አልፈለግሁም።

ሊቀ መንበሩ መጋዘን ገብቶ አየው። አምሮት መሰለኝ ተጠግቶ ከዳር እስከ ዳር መረመረው። ከዚያ፣ “ማነው የሚጠራቸው? በምን ይለፍ ነው የሚመጡት?” አለ።  ቀጥሎም ሰማዩ ባዶ ስለሆነ የምርት ዘመቻውን መፈክር ጽፌበት አዳራሽ እንዲሰቀል አዘዘ። ታዱዬ፣ ብሩሹን አንሥቼ ሰማይሽ ፊት ቆምኩ። እጄ እምቢ አለ።

ባለሱቁን ጎረቤታችንን አቶ ሸምሱን ታውቂው የለ? እሱ የንግድ ይለፍ አለው፤ በየገበያው አቡጀዲ ይዞ አንጋጫ ይወጣል። ሥዕሉን በአቡጀዲው ጥቅል ውስጥ ከቶ ለእናትሽ እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። “ከተያዝኩ የአጎቴ ልጅ ነህ እላለሁ፣ አብረን ነው የምንታሰረው” ብሎ ቀለደብኝና ወሰደው። ለሊቀ መንበሩ ጣሪያው አፍስሶ አበላሸው አልኩት። የሕዝብ ወረቀት አባከነ ተብሎ በስብሰባ ላይ ተተቸሁ። ተቀበልኩት።

አቶ ሸምሱ ሲመለስ ሥዕሉንም ይዞት መጣ። አልወደደችውም ብዬ ደነገጥኩ። እናትሽና እኔ እንደ አማችና አማት ተፋፍረን አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አውርተን እንደማናውቅ ታውቂያለሽ፤ በራፉ ላይ ቆመሽ የእሷን ቃል ለእኔ፣ የእኔን ለእሷ የምታደርሺው አንቺ ነበርሽ። አሁን አቶ ሸምሱ በፋንታሽ ሆነ። ወለሉ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው አለኝ። የገዛ ቤቷን አወቀችው። ስለ ባዶው ዳገት ጠየቀችው፤ እሱም የማላውቀውን እንዳልሣልኩ ነገራት። ተነሥታ ወጣች። ከመቃብርሽ አፈር በእርጥብ አውራ ጣቷ ይዛ መጥታ ዳገቱ ላይ ተጫነችው። “ለልጄ ባል መልስለት፤ ባዶውን ሞልቼለታለሁ በለው” አለችው።

ከእንግዲህ የት እንዳለሽ አውቃለሁ። ከቤቱ በታች፣ ከመንገዱ በስተቀኝ፣ አውራ ጣት ታህያለሽ። አለቀስኩ፤ ያን ቀን መሰላል ላይ አልቅሼ ያልጨረስኩትን ሁሉ አለቀስኩ።

ሥዕሉ አሁን ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው፤ ጀርባው ወደ ውጭ፣ አንጋጫ ወደ ግድግዳው። የሚመጣ ሰው መፈክሩን አይቶ ያመሰግነኛል። በሩን ስዘጋ አገለብጠዋለሁ። ትናንት መንገዱ ላይ አንድ ሰው ጨመርኩበት፤ እንደ ደንባችን ፊቱ አይታይም። የእንሰት ቅጠል ይዟል፣ ሰፋ አድርጌ ለሁለት የሚበቃ። ኬላ አልሣልኩም። አፈርሽን እንዳላረግፈው ብሩሼን ወደዚያ አላስጠጋሁትም።

አልረሳሽም። ሊቀ መንበሩ ነገም አይሆንም ይለኛል፤ ከነገ ወዲያም እጠይቀዋለሁ። የፈቀደልኝ ቀን መንገድ የምጠይቀው ሰው የለም፤ እናትሽ አሳይታኛለች። እስከዚያ ድረስ ሰውዬው መንገድ ላይ ነው፣ ታዱዬ። ቅጠሉን ይዞልሽ እየመጣ ነው።

ያንቺው ኤርሚያስ