ፒዲኤፍ አልሆን ያሉት ሁለት ፊደላት

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ጋሻዬ ተስፋዓለም ፈንታ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት የተሞላ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ጨጓራህ ተሻለው ወይስ የሕንዶቹ በርበሬ አባሰብህ? ትምህርቱስ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ውሸት አይሆንልኝም። ታውቀኛለህ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም። በቴሌግራም በድምፅ ልነግርህ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ሳልጨርስ አጠፋሁት። ጓደኛህ እንዳላማው ዕረፍቱን ጨርሶ ወደ አንተ ስለሚመለስ በወረቀት ይሻላል አልኩ።

የዲማው የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም እንደ አዲስ ሊሠራ ነው። ንድፉን የወሰደው የእኛ ቢሮ ነው፤ የምሥለው ደግሞ እኔ ነኝ። ኮሚቴው ከበሩ ቅስት በላይ የሚቀረጸው ጽሑፍ በአባባ፣ በመሪጌታ ፈንታ፣ የእጅ ፊደል ይሁን ብሎ ሲወስን እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቀኝ! አንተ ከመሄድህ በፊት የአባባን የብራና ፊደል አንድ በአንድ አንሥተህ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጥከው ለዚህ ቀን በጀ። የጎደሉኝ ቈ እና ኰ ብቻ ነበሩ፤ አንተ ከእነዚህ ቅጥል ካላቸው ፊደላት የሠራኸው «ጐ»ን ብቻ ነዋ። አባባ ሁለቱን ፊደል እንዲጽፉልኝ ላክሁባቸው፤ እሳቸውም በወረቀት ጽፈው በጎረቤታችን በወለተ ሰንበት እጅ ላኩልኝ። እኔ ችኩሏ ልብ ብዬ እንኳ ሳላያቸው ስካን አደረግኳቸው፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ጠርዛቸውን ተከትሎ እንዲሥላቸው አዘዝኩና ከንድፉ ላይ ለጠፍኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ። ንድፉን ወደ ፒዲኤፍ ለውጥ ስለው እየሄደ እየሄደ ይቆይና ሶፍትዌሩ ድርግም ብሎ ይዘጋል። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም! ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። ቦታ ጠቦት ይሆናል ብዬ ፊልሞቼን ሁሉ አጠፋሁ። ሶፍትዌሩን ነቅዬ እንደገና ጫንኩት። ወይ ፍንክች! አለቃዬን ኢንጂነር ታረቀኝን፣ ቫይረስ ያመጣብኝ የእርስዎ ፍላሽ ነው ብዬ በሰው ፊት ተናገርኳቸው፤ ደግነቱ ሳቁብኝ እንጂ አልተቀየሙኝም። ኮሚቴው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊሰበሰብ ቀኑ ሐሙስ ሆኗል።

ኢንጂነሩ በንዴት አይገኝም፣ ከፋፍለሽ ፈልጊው አሉኝ። ሰባቱን ገጽ ለየብቻ ሞከርኩ። ስድስቱ ሳያንገራግሩ ወጡ፤ የቅስቱ ሥዕል ያለበት ሰባተኛው ዘጋ። የእሱን ግማሽ ሰረዝኩ፣ ከቀረው ደግሞ ግማሹን፤ እንዲህ እያልኩ በመጨረሻ ቈ እና ኰ ብቻ ቀሩኝ። የሌላው ፊደል ጠርዝ በሠላሳ በአርባ ነጥብ ተሥሎ ያልቃል፤ የእነዚህ የእያንዳንዳቸው ግን ከአራት ሺህ በላይ ነው። ሶፍትዌሩ ያን ሁሉ መሸከም እያቃተው ነው ለካ የሚወድቀው።

ወረቀቱ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ አጉልቼ አየሁት። ተስፋዓለም፣ ቆሻሻ አልነበረም። ቆሻሻ ቢሆን አንዱን ጎን ብቻ ነው የሚያበላሸው፤ ይኼ ግን የመስመሩ ግራና ቀኝ አብሮ ይወዛወዛል፤ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ቦታ ሳያርፍ። የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። የአባባ እጅ! ከመቃ ብዕሩ ጋር የተወለደ የሚመስለን ያ እጅ! ኢንጂነሩ ከኋላዬ መጥተው፣ ምን ችግር አለ፣ ማለስለሻውን ተጫኚዋ አሉኝ። ተጫንኩት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ፤ ፒዲኤፉም ወዲያው ወጣ። ቢሮው አጨበጨበልኝ፤ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ያንን ገጽ አትሜ ጭቃውን እያቦካሁ ዲማ ገባሁ። ስለ እጃቸው ትንፍሽ አላልኩም። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አዩና ጣታቸውን ቈ ላይ አሳርፈው፣ ይህን ማን ጻፈው አሉኝ። እርስዎ ነዎት እንጂ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኔስ ይንቀጠቀጣል አሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። እግዚኦ ተስፋዓለም! እንደተያዘች ወፍ ይርገፈገፋል።

ለካ ዓመት ሊሞላው ነው! የጀመሩት ድርሳን ከአምናው ፍልሰታ ወዲህ አንድ መስመር አልተጨመረበትም። ለሰው ዓይኔ ደክሞ ነው ይላሉ፤ እማዬም አብራ ስትሸፍን ከርማለች። እኔ በየወሩ እየሄድኩ ጋቢያቸውን እንጂ እጃቸውን አላየሁም፤ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! ለምን ደበቁኝ ብዬ ጮህኩባቸው፤ አዎ፣ በአባቴ ላይ ጮህኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንተ ከሰማህ ትምህርትህን ጥለህ ትመጣለህ ብለው ነው። ሁለቱን ፊደል ለመጻፍ ሦስት ቀን እንደፈጀባቸው እማዬ ነገረችኝ። ይቅርብዎ ስትላቸው፣ ልጄ ጠይቃኝማ አይሆንም አሉ አለችኝ።

ተላቅሰን ስናበቃ ላፕቶፑን አስከፈቱኝ። ያለሰለስኩትን አልወደዱትም፤ ይኼ የማንም እጅ አይደለም አሉ። በግራ እጃቸው እያመለከቱ የ«ጐ»ን ቅጥል አስቆርጠው፣ በደኅናው ጊዜ በጻፉት ቀ እና ከ ላይ አስቀጠሉኝ። እሑድ ኮሚቴው በደስታ ተቀበለው። አንተ ያነሣሃቸው እነዚያ ፊደላት ባይኖሩ የአባባ እጅ ከእንግዲህ ከየት ይገኝ ነበር?

ትናንት ከስብሰባው በኋላ በልመናም በቁጣም አባባን ይዣቸው ወደ ደብረ ማርቆስ መጣሁ፤ ነገ ማክሰኞ እዚህ ሐኪም ያያቸዋል። የጠየቅኳቸው ሰዎች የነርቭ ሳይሆን አይቀርም ብለውኛል፤ መድኃኒት ይኖረው እንደሆነ ግን ሳይመረመሩ የሚታወቅ ነገር የለም። ፈርቻለሁ። አንተ ግን ብድግ ብለህ እንዳትመጣ፤ ያን ጊዜ አባባ እኔን አይምሩኝም። ደውልላቸው፤ ስትደውልም እንዳታለቅስ አደራ።

እማዬ ሥራነሽ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማ፣ ብርድ እንዳይመታህ ብላለች፤ እዚያ ሙቀት ነው ብላት አላምን አለችኝ። ትንሿ እኅታችን ሂዊ ፈተናዋን ጨርሳለች፤ ሰላም ብላሃለች፣ ከክፍሏ አራተኛ እንደወጣች ሳትነግሪው እንዳትቀሪ ብላኛለች። ወለተ ሰንበትም ስምህን ሳታነሣ ውላ አታድርም። አባባን ግን ሰላምታዎን ልጻፍልዎ ብላቸው እሺ አላሉኝም። ከስሜና ከቀኑ በታች ያለው የራሳቸው እጅ ነው። የጻፉት ያንተን ስም ብቻ ነው፤ ከጥዋት እስከ ቀትር ፈጅቶባቸዋል። ለማንበብ ቢያስቸግርህ፣ ቀስ ብለህ አንብበው።

እኅትህ እስከዳር ፈንታ

ደብረ ማርቆስ
ሰኞ፣ ሐምሌ ፳፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.