ወጥ ሠሪውን ሳል የያዘው ዕለት

ይድረስ ለእትዬ፣ እህትም እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፤

እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ተሻለው? የእማማ እንቅልፍስ ተመለሰላት? ባለቤትሽን ያ የወገብ ሕመም ለቀቀው? ትልቋ ከትምህርቷ፣ ትንሹ ጉድ ደግሞ ከአጥር ላይ ከመዝለሉ እንዴት ሆኑ? እኔ ናፍቆታችሁን ካልቆጠርኩት ደህና ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ደህና አልነበርኩም። አትደንግጪ፣ አልፏል። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው፤ ታምሜ የኮራሁበት ጊዜ ቢኖር ይኼ ነው። ጉራ ነው ካልሽም ሳቂብኝ፣ ግድ የለም፤ የእኔን ጉራ ዛሬ አይደለም የለመድሽው።

የምሠራበት ቤት ውስጥ ሰባ ሁለት አረጋውያን እንደሚኖሩ ነግሬሻለሁ። ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ወጥ ቤቱ ከታች ሆኖ አንድ ሰፊ መስኮት ወደ ግቢው፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ደግሞ ምግብ ወደምናቀብልበት አዳራሽ አለው። ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲገባ ሳል ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ክፍል በክፍል እየለቀመ ወረደ። ዘጠኝ ሰው ሆስፒታል ገባ፤ ሦስቱ አልተመለሱም። ከሦስቱ አንዱ ጡረታ የወጡት ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ስለ ምግቡ ያላቸውን አስተያየት በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ከሳህናቸው ሥር ይልኩልኝ ነበር፤ አንድም ቀን አመስግነውኝ አያውቁም፣ አንድም ቀን ግን ሳይጽፉ አልቀሩም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሳህን ባነሳሁ ቁጥር ሥሩን አያለሁ። አለቀስኩ እትዬ። በቀን ሦስት ጊዜ ከእኔ እጅ እየበሉ፣ የእኔ ድስት ምን ፈየደላቸው ብዬ።

የቤቱን ነርስ አንድ ቀን ይዤ ይኼንኑ ጠየቅኳት። ሰውነታችን በሽታ የሚከላከልበት ኃይል አንዱ ትልቅ ክፍል አንጀት አካባቢ እንደሆነ፣ እዚያም በዓይን የማይታዩ ሕያዋን እንደሚኖሩ፣ እነሱ የሚስማማቸውን ሲያገኙ ሰውነትም ጉንፋኑንና የሳንባ ምቹን ለመቋቋም ሊታገዝ እንደሚችል ረጋ ብላ አስረዳችኝ። እንዴ! ሳንባ ላይኛው ቤት፣ አንጀት ታችኛው ቤት፣ ምን አገናኛቸው ብዬ ሞገትኳት። ጎረቤት ናቸው፣ ወሬ ይለዋወጣሉ አለችኝ። ብቻ መድኃኒት አገኘሁ ብለህ እንዳታወራ፣ ክትባቱም፣ እጅ መታጠቡም፣ መስኮት መክፈቱም እንዳለ ነው፤ ያንተ ድስት አጋዥ ነው ብላ አስጠነቀቀችኝ። አጋዥ መባልም ለእኔ ሹመት ነው፣ በደስታ ተቀበልኩ።

ከዚያማ ምን ልበልሽ፣ ወጥ ቤቱን ገለባበጥኩት። ጠዋት የአጃ ገንፎ ከሙዝ ጋር፤ ቀን ምስር ያለበት ሾርባ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሳይሰሰት። ጥቅል ጎመን ከትፌ በጨው አሽቼ፣ በጠርሙስ ጠቅጥቄ እስኪኮመጥጥ እጠብቀዋለሁ። የእነዚያ ሕያዋን ዘመዶች እርጎም ውስጥ ይኖራሉና እርጎውን ራሴ አረጋለሁ፤ ከዛሬው ትንሽ ለነገው እርሾ እያስቀረሁ። ባቄላው ላይ ግን ጉድ ሆንኩልሽ። የመጀመሪያውን ቀን ለሁሉም ሳህን ሙሉ አቀረብኩ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ለአንቺ እንኳ መጻፍ ያሳፍራል። ከነዋሪዎቹ አንዷ፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጥ ቤት ድረስ መጡና ልትመግበን ነው ወይስ ልታስበርረን ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ወዲህ ባቄላ በማንኪያ ጀምሬ ቀስ በቀስ ነው ያስለመድኳቸው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ጋር ያለችው ዕቃ አጣቢዋ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነው፣ ቃል ቆጣቢ ናት፣ ምግብ አልችልም እያለች ከድስት ትሸሽ ነበር። አንድ ቀን እኔ ዕቃ ልረከብ ወጣ ስል፣ አዛውንቶቹ ቀዝቃዛ እርጎ ጥርሳችንን አመመን ስላሉ አዘነችላቸውና ያን ሁሉ እርጎ የሚንተከተክ ሾርባ ውስጥ ገለበጠችው። ስመለስ አበድኩ። ሕይወት ያለውን ነገር ቀቅለሽ ገደልሽው ብዬ አምባረቅኩባት። ሰምታኝ ስታበቃ ታዲያ እንዳይሞት ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ፣ በሃያ ዓመት ሥራዬ ሲሰደብ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባው ከምድጃ ይወርዳል፣ ቴርሞሜትር ይነከርበታል፣ ለብ ሲል ብቻ እርጎው ይገባል። እሷም የእርጎው ዘበኛ ሆና አረፈችው።

በዚህ መሀል የቤቱ ባለቤቶች ወጥ ቤቱን ሊዘጉት አሰቡ። ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣ፣ ማሞቅ ብቻ የሚፈልግ ምግብ አግኝተዋል። ሥራ አስኪያጇ ጠርታ፣ ሦስት ሰዎች መጥተው ቀምሰውና አይተው እንደሚወስኑ ነገረችኝ፤ ቀኑም ተቆረጠ። ለራሴ አልፈራሁም፣ እኔ ድስት የሚሰጠኝ አላጣም። የፈራሁት እነዚያ አዛውንቶች ለብርዱ የተዘጋጀላቸውን ሁሉ ብርዱ መሀል ላይ እንዳይነጠቁ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተፍ ተፍ ስል ከረምኩ። የድስቶቹን ቂጥ ሳይቀር እንደ መስታወት አብለጨለጭኩ።

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ጉሮሮዬ እየከረከረኝ ነቃሁ። ሳልኩ፤ ደግሜ ሳልኩ። ግንባሬ ይፋጃል። ሌላ ቀን አጥተህ ነው ብዬ ፈጣሪዬን ተቆጣሁት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ሳል ያለበት ሰው ከዚህ በር አያልፍም ብሎ የጻፈው ማን መሰለሽ? እኔው! ሆኖም ለብሼ ከወጥ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ ወረድኩ። ኪኒን ውጬ፣ ማር ልሼ፣ ማስክ አጥልቄ ብገባ ማን ያውቅብኛል አልኩ። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ አምና ከላይኛው ፎቅ የወረዱት አልጋዎች ፊቴ ድቅን አሉ። ይዤላቸው የምገባው ሾርባ ሳይሆን ሳል ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው እትዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም፤ ግን እጄን መለስኩ።

ለአጣቢዋ ደወልኩና ዛሬ አንቺ ነሽ አልኳት። እሺ ብቻ ብላ ዘጋችው። እኔ መች አርፌ! ብርድ ልብስ ተከናንቤ ግቢው ውስጥ መስኮቱ ጋ ተገተርኩ። እሳቱን ቀንሺ፣ ምስሩን አማስዪ፣ ክዳኑን አንሺ እያልኩ በመስታወቱ በኩል በእጄ ስወራጭ ያየኝ ሰው ትራፊክ ፖሊስ ነው የሚለኝ። አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። ሁለተኛም አየችኝ። በሦስተኛው እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣችና መጋረጃውን ፊቴ ላይ ዘጋችው። በገዛ ወጥ ቤቴ! ተናደድኩ፤ ግን ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ምን አማራጭ አለኝ፣ ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ።

የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ነርሷ ናት። ሦስቱ ሰዎች አዳራሽ ገብተው ተቀመጡና ሰዓታቸውን እያዩ ቶሎ በይ አሏት። እሷ ሾርባውን ከምድጃ አውርዳ፣ ቴርሞሜትሯን ነክራ አነበበችና ገና ነው፣ ይጠብቁ አለቻቸው። ቢጣደፉባት፣ እርጎው እንዳይሞት ነው፣ ሞቶ የሚቀርብ ከሆነ ምን ያደርጋል ብላ ባዶ ሳህን ፊታቸው ደርድራ ሩብ ሰዓት አስጠበቀቻቸው። ሥራ አስኪያጇን ላብ አጠመቃት። ከሦስቱ ትልቁ ሰውዬ ዋናው ወጥ ሠሪ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ሳል ስለያዘው አላስገባነውም፣ በመስኮትም ሲያስቸግረን መጋረጃ ዘጋሁበት አለችው። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀና ጻፈው። ከዚያ በሉ፤ አንዱ አስጨመረ። ሊሄዱ ሲነሱ ጡረተኛዋ አስተማሪ ከዘራቸውን በበሩ አጋድመው፣ ይህን ወጥ ቤት የሚዘጋ እኔን ረግጦ ነው የሚያልፈው አሉ። በአምስተኛው ቀን መልሱ በጽሑፍ መጣ፤ ወጥ ቤቱ አይዘጋም!

ብርዱ ሊያልቅ ነው። ዘንድሮ ከአዛውንቶቹ ሳል የያዛቸው አራት ናቸው፤ አራቱም ሆስፒታል ሳያስፈልጋቸው ድነዋል። የቤቱ ሐኪም ግን ደረቴን መንፋቴን ሲያይ ነው መሰለኝ፣ ዓመቱም ቀሎ ይሆናል፣ ክትባቱም አለ፣ ሁሉን ለእርጎ አትስጥ አለኝ። እሺ አልኩት፣ ሐኪም አይሞገትም። በልቤ ግን የአንዲት ጭልፋ ድርሻ ለራሴ ወስጃለሁ፤ እስቲ ይከልክለኝ።

ያፈርኩበትም አለ፣ አልደብቅሽም። ነርሷ አንተስ ምን ስትበላ ከረምክ ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳቦ በሻይ፣ እሱንም ቆሜ። የሰባ ሁለት ሰው ሆድ ስጠብቅ የራሴን ረሳሁት። ደህና የበላም ይታመማል፣ የአንተ ግን ድፍረት ነው አለችኝ።

ሳሉ ጨርሶ ሲለቀኝ ወረድኩ። አጣቢዋ በሩ ላይ ቆማ ሳል አለብህ አለችኝ፤ የለብኝም አልኳት። በደንብ ተንፍስ አለችኝ፤ ተነፈስኩ። ሽርጤን ግን አልሰጠችኝም፤ ወንበር ስባ ተቀመጥና ብላ አለችኝ። ሾርባው ልኩ ላይ ነው እትዬ፤ ከእኔ ሾርባ ይጣፍጣል። አልቀናሁም ብል ውሸቴን ነው። ኩራቱ ግን ቅናቱን ዋጠውና ዕንባዬ መጣ። እሷ ደግሞ ቀዘቀዘብህ እንዴ አለችኝ። በልቼ ስጨርስ ቀጥ ብዬ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ሄጄ፣ ይህች ሴት ከእንግዲህ ወጥ ሠሪ እንጂ ዕቃ አጣቢ አይደለችም አልኩ። ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ወጥ ሠሪ ነን።

በይ እንግዲህ፣ ባለቤትሽን ወገብህን ጠብቅ፣ ከባድ አታንሳ በይልኝ። ትልቋን ለፈተናዋ ጎበዝ በያት፤ ትንሹን ጉድ ጆሮውን ቆንጥጠሽ ጉንጩን ሳሚልኝ። ያቺን ሁሌ ስለ እኔ የምትጠይቅ ጎረቤታችሁን ሰላም በያት። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። መታመሜን ብትነግሪያትም ግድ የለም፤ ብቻ ከዚያ ቀጥለሽ፣ ልጅሽ በሩን ሳያልፍ በዋለበት ቀን ሰባ ሁለት ሰው ጠግቦ አደረ በያት።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ወጥ ሠሪው

ከወጥ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
የካቲት 21 ቀን