የተሰረዙት የጳጉሜ እናቶች

ሐዳሳ፣
ላፕቶፔን እንዳትነኪው!

ትናንት የመመረቂያ ጽሑፌ ፒዲኤፍ አልወጣ ብሎኝ ወደ መዘምራን ልምምድ ስወጣ፣ "አንቺ ሂጂ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ" አልሽኝ። ስመለስ ወጥቶ ጠበቀኝ። አቅፌም ስሜሻለሁ!

ዛሬ ጠዋት የወላዶቹን ሠንጠረዥ ሳነበው በጳጉሜ የወለደች አንዲት እናት የለችም። ስታትስቲክሱን የሚሠራው ኮድ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ነበር የቆመው፤ ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው ላቴክም ሠንጠረዡን ያጣው ለዚህ ነው። የሚያስፈልገው ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ ብቻ ነበር። አንቺ ግን እናቶቹን ሰረዝሻቸው፤ ያውም ዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አድርገሽ!

የወሊድ መዝገቡን እንደገና ልገለብጥ ጊምቢቹ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። አማካሪዬ ከደወለ ያደረግሽውን ራስሽ ንገሪው።
ውሃ ከመጣ ጀሪካኖቹን ሙዪ።
ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ ብዪ። ልትረጂኝ እንደሆነ አውቃለሁ።
ብቻ እሱን አሁን አላወራም።

ግን አንቺ ራስሽ የጳጉሜ ልጅ አይደለሽም እንዴ? በዚህ በአንቺ አሠራር ቢሆን፣ እናትሽ ያማጡት በከንቱ ነበር።

ጵርስቅላ