ጥፋቱ የሳጥኑ ነው፦ ለክቡር አቶ ሺራኢሺ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር አቶ ሺራኢሺ
የመኪና ምርመራና ጥገና ማዕከል ዋና ኃላፊ
ኦኖሚቺ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በዚህ የነሐሴ ሙቀት የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ለአፍታም እንዳይቋረጥብዎ፣ አጥንትዎም ሳይነካ፣ ጥርስዎም ሳይጎድል እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ስፈታና ስገጥም የኖርኩት ሃማሳኪ ኪዮኤ ነኝ። ስሜን ቢረሱትም፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የእንግዳ መቀበያዎን መስታወት በጎማ መፍቻ ያደቀቅሁት ሴት እኔ መሆኔን እንደማይረሱ እተማመናለሁ። ስለ መስታወቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ ሌላው ግን አልጠይቅም። ይልቁንም ምስጋና አለብኝ፤ በቅደም ተከተል ላቅርበው።

አንደኛ፣ ስለ ባለሙያዎችዎ ፈጣን ጣት አመሰግናለሁ። የሰባ አንድ ዓመቱ ባለታክሲ ቶኩናጋ፣ አርባ ዓመት ሲነዳ ድመት እንኳ ገጭቶ የማያውቅ ሰው፣ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄደው የሃይብሪድ ታክሲው የማስጠንቀቂያ መብራት በበራ ቁጥር ወደ እናንተ መጥቷል፤ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ የመመርመሪያ ማሽናችሁ ብልሽቱ ኃይሉንና ፍሬኑን በሚያዘው የመቆጣጠሪያ ሳጥን በራሱ ውስጥ እንደሆነ የሚናገር ኮድ አወጣ። ሦስቱንም ጊዜ ባለሙያዎ ኮዱን ደመሰሰው፤ ብልሽቱ ሲከሰት የተመዘገበው መረጃም አብሮ ጠፋ።

«አባት፣ ይኸው ጠፋ! ሰው ሲያረጅ መብራት ሁሉ ያስፈራዋል።»

«መብራቱስ ጠፋ፣ በሽታውስ?» ቢል ቶኩናጋ፣ «ተመልሶ ካልበራ በሽታ የለም» ተብሎ ተሸኘ።

ሁለተኛ፣ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ቀትር ላይ ስለሆነው አመሰግናለሁ። ቶኩናጋ ከቤተ መቅደሱ ኮረብታ ቁልቁል ሲወርድ ዳሽቦርዱ ጨለመ፣ ኃይሉ ተቋረጠ፣ የፍሬን ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ሽማግሌው በሁለት እግሩ ቆመበት፤ የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮም እግሩን አላነሳም። ክላክሱን እያስጮኸ ወርዶ የዓሣ ነጋዴውን የጌንጂሮን ሱቅ በርግዶ ገባ። የጌንጂሮ ሚስት ናጹኤ በበረዶው ሣጥንና በግድግዳው መካከል ተጣበቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ። በረዶው ቀይ ሆኖ ነበር፤ ከዓሣው ደም ይልቅ የሰዉ በዝቶ።

ጌንጂሮ ቶኩናጋን በተሰበረው መስኮት ጎትቶ አውጥቶ በቡጢ ይወቅጠው ጀመር። «ገደልካት! አንተ የተረገምክ ሽማግሌ፣ ገደልካት!»

ቶኩናጋ እጁን እንኳ አላነሳም። በደም በተሞላ አፉ «ምታኝ፣ ግን ፍሬኑ አልያዘም» ይል ነበር። እኔ ሮጬ ደርሼ ስገላግል የጌንጂሮ ክርን አፍንጫዬን ሰበረኝ። ሁለት የቶኩናጋ ጥርሶች አስፋልቱ ላይ ቀሩ።

ሦስተኛ፣ መኪናውን ሳይከፍቱ፣ ቦታውንም ሳይረግጡ፣ በሦስተኛው ቀን «አሽከርካሪው በእርጅና ምክንያት ፍሬን መስሎት ነዳጅ መስጫውን ረግጧል» ብለው ለፖሊስና ለጋዜጣ ስለጻፉት አመሰግናለሁ። መንጃ ፈቃዱ ተነጠቀ። በሩ ላይ «ነፍሰ ገዳይ» ብለው በቀለም ጻፉበት፤ በመስኮቱ የተወረወረው ድንጋይ ሚስቱን ግንባሯን ፈነከታት። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ ዓይኔን ሳያይ «ኪዮኤ፣ ምናልባት እነሱ ልክ ናቸው። ምናልባት እኔ ነኝ የገደልኩ... ያቆሰልኳት» አለኝ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህ ነው። አጥንቱን ሰብራችሁ አልበቃ ብሏችሁ ሰውየው ራሱን እንዲጠራጠር አደረጋችሁት።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ እርስዎ መጣሁ። «ሳጥኑን ከፍታችሁ አይታችኋል?» ብዬ ስጠይቅ፣ ፈገግ ብለው «እትዬ፣ ኮምፒውተር አይረሳም፣ ሽማግሌ ይረሳል። ወደ ጋራዥሽ ተመለሺ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን መስታወቱ ያውቃል። ጥበቃዎችዎ ደረጃውን በጀርባዬ ስላስወረዱኝም አመሰግናለሁ፤ የጎን አጥንቴ በሳቅኩ ቁጥር ያስታውሰኛል።

አራተኛ፣ ምክርዎን ተቀብዬ ወደ ጋራዤ ተመለስኩ። ፖሊስ ፈቅዶ፣ መርማሪውና ጌንጂሮ ቆመው እያዩ፣ ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ኃይል ለካሁ፤ ሙሉ ነው። ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውንና ከሌሎቹ ሳጥኖች ጋር የሚያነጋግረውን ሽቦ ለካሁ፤ ጤነኛ ነው። እንግዲህ በሽታው ከውጭ ካልሆነ ከውስጥ ነው። ሳጥኑን ሽቦው ሳይነቀል ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩት። በአራተኛው ደቂቃ ያ ኮድ መጣ። ሲቀዘቅዝ ሳጥኑ በደንብ ሠራ፤ ሳሞቀው ደግሞ ሞተ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ስከፍተው በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ፣ ሙቀት የሚከፍተው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የብየዳው ነጥብ ላይ ተኝቷል። ማንም ያልደመሰሰው የመጨረሻው መዝገብ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ፍሬን በሙሉ ኃይል ተረግጧል፤ ነዳጅ መስጫው ዜሮ።

ጌንጂሮ ወጣ። ከጋራዡ ጀርባ ግድግዳውን በቡጢ ሲመታ፣ የጣቶቹ ቆዳ እስኪገፈፍ ሲመታ አገኘሁት። ከዚያ ሆስፒታል ሄዶ ቶኩናጋ አልጋ ሥር በግንባሩ ተደፋ።

«ተነሳ፣ ወለሉ ይበርዳል» አለው ቶኩናጋ። «እጅህ ግን ከባድ ነው። ጥርሶቼን ለቅመህልኛል ወይስ ከማኬሬል ዓሣው ጋር ሸጥካቸው?»

ሁለቱም አለቀሱ። መንጃ ፈቃዱ ተመልሶለታል፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ዳግመኛ ፔዳል አይረግጥም። ናጹኤ በሦስት ጣት ቢላ መያዝ እየተለማመደች ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በዚያው ጋዜጣ፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን «ዋሽቻለሁ» ብለው እንዲጽፉ፣ ኮዳቸው ተደምስሶ መንገድ ላይ ያሉትን የዚህ ዓይነት ታክሲዎችም በሙሉ ዛሬውኑ እንዲጠሩ በትሕትና አዝዛለሁ።

በተሰበረ አፍንጫ፣ በተሰነጠቀ የጎን አጥንት፣ ግን በማይናወጥ አክብሮት፣
ሃማሳኪ ኪዮኤ፣ መካኒክ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ባለቤትዎ የእርስዎን የግል ሃይብሪድ ወደ ጋራዤ ይዘው መጥተው «ባለቤቴ ወደ ማዕከሉ እንዳልወስደው ነገረኝ፤ እዚያ መብራት ማጥፋት እንጂ ሌላ አያውቁም አለኝ» ብለውኛል። ሳጥኑን ከፍቻለሁ። ስንጥቁ የእርስዎም ላይ አለ። እኔ ግን ለሚስትዎ ነግሬያቸዋለሁ፤ እናንተ ለቶኩናጋ አልነገራችሁትም።