ባለይዞታው ራሳቸው ይቅረቡ

ውድ ታዴ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። እንጅባራ እንደምታውቃት ናት፤ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሣም፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ቢሰጣ አይደርቅም። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄብህም ነው። በአንዲት ክፍል ምክንያት ማዘጋጃ ቤት ስመላለስ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው፤ የጣጣው ግማሽ ያንተ መሆኑን ያወቅሁት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእናትህ ነው። አምና በክረምቱ መግቢያ ከጥሊሊ ወዲያ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተጎዳ። ዓይናቸውም ደክሟል፣ ካንተ ሌላ ልጅም የላቸውም። በሚኒባስ አምጥቼ ሳሎን ውስጥ አልጋ ዘረጋሁላቸው። ሰው በመጣ ቁጥር ግን ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። እንግዳው ሲሄድ በአዊኛ የሆነ ነገር ያጉተመትማሉ፤ ግማሹ ይገባኛል፣ የገባኝ ግማሽ ደግሞ "ሸክም ሆንኩባት" የሚል ነው። ስለዚህ የራሷ በር ያላት አንዲት ክፍል ልሠራላቸው ቆረጥኩ።

በፊት ለፊት እንዳልሠራ አዲሱ የከተማ ፕላን መንገዱን አስፍቶ ወደ ግቢያችን ገብቷል። ከጀርባ ያለን አራት ሜትር ነው። ደንቡ ከጎረቤት ድንበር ሁለት ሜትር ራቁ ይላል፤ በሚተርፈው ሁለት ሜትር አልጋ ቢገባ ሰው አይዞርበትም። አንድ ሜትር ብቻ ርቄ እንድሠራ በልዩ ሁኔታ ይፈቀድልኝ ብዬ አመለከትኩ።

መጀመሪያ የተቀበለችኝ ወጣት ባለሙያ ካርታውን አገላብጣ፣ "ይዞታው በአቶ ታደሰ ስም ነው። ባለይዞታው ራሳቸው ይቅረቡ" አለችኝ።

"አርፏል" አልኳት።

"እንግዲያው ውክልና ያምጡ" አለች፣ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳትል።

ውክልናውን ከየት እንደማመጣ ብትነግረኝ በሄድኩ ነበር። ትንሽ ቆይታ የተናገረችው ሲገባት ፊቷ ቀላ፤ ወደ ፍርድ ቤትም መራችኝ። የወራሽነት ማስረጃው እስኪወጣ ሁለት ወር። ከዚያ መሐንዲሱ መስክ ወጥቷል፣ ከዚያ ስብሰባ ነው፣ ከዚያ ኔትወርክ የለም። ቀጥሎ ፋይላችን ጠፋ። ፋይሉ ሲገኝ መሐንዲሱ ወደ ዳንግላ ተዛውሮ ቆየኝ። አንተ ብትሆን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ጋር ተዋውቀህ፣ የሁሉንም ችግር ሰምተህ፣ የራስህን ረስተህ ትመለስ ነበር። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ተራዬን ጠበቅሁ።

አዲሱ መሐንዲስ ፋይሉን ገልጦ ከመሃሉ አንድ የወየበ ወረቀት መዘዘ። ጽሕፈትህን ከሩቅ ለየሁት። ከቤትህ ጀርባ ባለው ቦታ ላይ ምንም ላትሠራ፣ የጎረቤታችን የአቶ ሙሉነህ የዝናብ ውሃም በዚያ እንዲያልፍ ተስማምተሃል። ፊርማህ አለበት፣ የቀበሌው ማኅተም አለበት።

"ይህ እያለ ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ ጉዳይዎን አያይም። አቶ ሙሉነህ መጥተው ካልተዉት በስተቀር" አለኝ።

ታዴ፣ በዚያች ሰዓት በሕይወት ብትኖር ኖሮ አልምርህም ነበር። ከሙሉነህ ጋር በውሃው የተጨቃጨቅንበትን ክረምት መቼም አትረሳውም። "አንዲት ስንዝር እንዳትሰጠው" ስልህ "እሺ" አልከኝ። ያንን እሺህን አምኜ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት። ለእኔ እሺ ብለህ ለእሱ ፈርመህለት ቤት ገባህ።

ከማዘጋጃ ቤት በቀጥታ ወደ ሙሉነህ ሄድኩ። ለቅሶህ ላይ ድንኳን የተከለው እሱ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ በቀርከሃው አጥር ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበረንም። የወረቀቱን ነገር ነገርኩት።

"ያን ሰሞን ባለቤቴ አራስ ነበረች" አለኝ። "ውሃው መውጫ አጥቶ መኝታ ቤት ገባ። ታዴ ሊቆጣኝ መጣና እሷንም ሕፃኑንም እርጥብ መደብ ላይ አያቸው። ያመጣውን ቁጣ ሳይናገር ተመለሰ። በማግስቱ ራሱ ጠርቶኝ ቀበሌ ሄደን ፈረመልኝ። 'ለየሺ ግን እንዳትነግር' አለኝ።"

የውሃውን መውረጃ ወደ መንገዱ ካዞረው ቆይቷል፤ ወረቀቱን እሱም ረስቶታል። በማግስቱ አብሮኝ ሄዶ ውሉን መተዉን ፈረመ፤ ወደ ድንበሩ ብጠጋም ተቃውሞ እንደሌለው ጨምሮ ጻፈ። ኮሚቴውም ወደ እሱ ግቢ መስኮት እንዳላወጣ አስጠንቅቆ ፈቀደልኝ።

በመንገድ ላይ ስመለስ፣ ለምን አልነገርከኝም፣ ብትነግረኝ ይገባኝ ነበር እያልኩ ነበር። እቤት ስደርስ ግን ለራሴ መዋሸት አቃተኝ። በዚያን ጊዜ ብትነግረኝ አይገባኝም ነበር። ቀበሌ ድረስ ተከትዬህ ሄጄ ወረቀቱን እነጥቅህ ነበር። ይህን ስለምታውቅ ነው የደበቅኸኝ። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አናደደኝ፤ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ክፍሏ አለቀች። እናትህ ከገቡባት ሁለት ሳምንታቸው ነው። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩና በሩ በወዲያ በኩል መሆን ነበረበት አሉ። ዓመት ሙሉ የተንከራተትኩበትን በር! ሳቄ መጣ። ያን ጊዜ የወረቀቱን ታሪክ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። ምሳውን ለሰው ሰጥቶ ይመጣና በልቻለሁ ይለኝ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ግድግዳ ሲዞሩ አላየኋቸውም፤ በራቸውን ከፍተው ሙሉነህን እየጠሩ ያጫውቱታል።

ስላንተ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አማርርሃለሁ፤ ይህን ከአሁኑ እወቀው። ምን ያህል እንዳደከምከኝ አንድ ሳላስቀር እነግረዋለሁ። ቀጥዬ ግን ሊቆጣ ሄዶ አራስ አይቶ ስለተመለሰው ሰው እነግረዋለሁ፤ እስካለሁ ድረስ ያን ሰው ስሙን ጠርቼ፣ የእኔ ባል ነበር እላለሁ።

ያንተዋ የሺ