በሁለት ጓጉንቸር የተዘጋው የእድራችን ድንኳን

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክፍለ ከተማችን የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ በክሪፕቶ ጠብ የተዘጋው የእድር ዕቃ ቤት እንዲከፈትልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እኔ አመልካች የታቦር ሰፈር ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህርትና የሰፈራችን እድር አባል ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ይዤ ቢሮዎ መምጣቴ ያሳፍረኛል፤ ማፈር የሚገባቸው ግን አላፈሩም።

1. ሊቀ መንበራችን አቶ ያቤጽና ጸሐፊው አቶ ሔኖክ የእድሩን ተቀማጭ ማንንም ሳያማክሩ ክሪፕቶ ወደሚሉት፣ ስልክ ላይ ብቻ ወደሚታይ ገንዘብ ለወጡት። ይህ ገንዘብ ዳኛ የለውም፤ የሚመራው በየአገሩ ያሉ ተጠቃሚዎቹ በሚስማሙበት ደንብ ነው። ዘንድሮ ተጠቃሚዎቹ በደንቡ ተጣሉና ገንዘቡ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ በአሮጌው ደንብ፣ ሌላው በአዲሱ ቀጠለ።

2. ሊቀ መንበሩ “እውነተኛው አሮጌው ነው” አሉ፤ ጸሐፊው “አዲሱ ነው” አሉ። ደንቡን ካወጡት ሰዎች አንዱንም አያውቁም፤ እነዚያም ታቦር የሚባል ሰፈር መኖሩን አልሰሙም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ የእኛዎቹ ግን ዝሆን እንኳ አይደሉም። አባላቱን ለሁለት ከፍለው፣ በዕቃ ቤቱ በር ላይ እያንዳንዳቸው ጓጉንቸር አንጠለጠሉ። ድንኳኑና ወንበሩ ውስጥ ቀረ።

3. ባለፈው ወር ጎረቤታችን ወ/ሮ አባይነሽ ሲያርፉ ሁለቱም ለቅሶ ቤት ባዶ እጃቸውን መጡ። አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ ልጃቸውን ሃሴትን “እናትሽ የየትኛው ወገን ነበሩ?” ብለው ጠየቋት። “እማዬ የምታውቀው አንድ እድር ነው” ስትላቸው፣ “እንግዲያው መጀመሪያ ወገናችሁን አስመዝግቡ” አሏት። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ መሬት ተቀመጠ፤ እነሱ በረንዳ ላይ ተጠልለው ስለ ደንቡ ሲከራከሩ ዋሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር እንዲህ ያለ ከረባት ያሰረ ድንቁርና አላጋጠመኝም።

ክቡር ሆይ፣ ያስቸኮለኝ የራሴ ጭንቀት ነው። ባለቤቴ አቶ ሰለሞን በጠና ታመዋል፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብለውናል። እድሩን ከመሠረቱት አንዱ እሳቸው ናቸው። ትናንት “እድራችን ደህና ነው?” አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። ፊታቸውን ማየት ግን አልቻልኩም።

ስለዚህ ሁለቱ ግለሰቦች ተጠርተው ዕቃ ቤቱን እንዲከፍቱ፣ በጠቅላላ ጉባኤም ሌላ አመራር እንዲመረጥ በትሕትና እለምናለሁ። ገንዘቡ ቢቀር ይቅር፤ ድንኳኑ ግን ይውጣልን። ጊዜ ያላቸው ይከራከሩ፤ ባለቤቴ ጊዜ የላቸውም።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ጥሩወርቅ ይልማ
(ፊርማ)